ማብራሪያው አልተሟላም

የዓይን ሐኪሟ የጤና መድን ገምጋሚውን ያገኘችው ልትጣላው ሄዳ ነው።

ነገሩን የጀመሩት አክስቷ ናቸው። አክስትየዋ የትንሿ ክሊኒክ ካርድ አውጪም፣ ስልክ አንሺም፣ በር ከፋችም ነበሩ። የጤና መድን ድርጅቱ «ከእንግዲህ ወረቀት አልቀበልም፤ የክፍያ ጥያቄ ሁሉ በኮምፒውተር ይላክልኝ» ሲል ይሄም ሥራ እሳቸው ላይ ወደቀ። ሁለት ቀን ሠለጠኑ። የተሰጣቸውንም የምስክር ወረቀት ከሐኪሟ ዲግሪ ከፍ አድርገው ሰቀሉት።

የታካሚውን ቁጥር፣ የበሽታውን ኮድ፣ የታከመበትን ቀን በሁለት ጣት እየለቀሙ ይሞላሉ። ያስቸገራቸው መጨረሻ ላይ ያለው «ተጨማሪ ማብራሪያ» የሚለው ቦታ ነው። ባዶውን ከተዉት ሲስተሙ አይልክም። «የለም» ብለው ሲጽፉ «ከሃምሳ ፊደል ያላነሰ ይጻፉ» ይላቸዋል።

«ሃምሳ ፊደል ከየት አባቴ ላምጣ?» አሉት ኮምፒውተሩን። ሐኪሟ ታካሚ ይዛለች፤ የሚመልስላቸው የለም። ሆዳቸው ውስጥ የነበረውን ጻፉ።

«ሐኪሟ የእህቴ ልጅ ናት። ዛሬም ምሳ ሳትበላ ዋለች። በሻይ ብቻ ሰው ይኖራል ወይ?»

ላኩት። አለፈ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው። የሐኪሟ ጫማ መቀደዱ፣ አዲስ ለመግዛት ጊዜ ማጣቷ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ማንጎራጎሯ፣ አንድ መኪና አስመጪ ለትዳር መጠየቁ፣ ሁሉም በየቅጹ ግርጌ እየተጻፈ ተላከ። ሐኪሟ ይህን አታውቅም።

ሦስት ወር እንዳለፈ የአንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ የክፍያ ጥያቄ ሳይጸድቅ ተመለሰ። የግራ ዓይናቸው ሞራ ተገፎላቸዋል፤ የቀኙ የሚሠራው ግን የመጀመሪያው ክፍያ ሲጸድቅ ነው። «የኔ ልጅ፣ ክሩን ከመርፌው ማገናኘት አቃተኝ» እያሉ ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። ሐኪሟ ለምን እንደተመለሰ ለማየት ኮምፒውተሩን ራሷ ከፈተችው።

«ማብራሪያው አልተሟላም። መኪና አስመጪው ምን ተባለ?»

ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዳ የአክስቷን ድርሰት ስታገኝ ፊቷ ፍም መሰለ።

«አክስቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ማብራሪያ ነዋ። ሃምሳ ፊደል ሙዪ አለኝ፣ ሞላሁ።»

«ስለ ጫማዬ?»

«ውሸት ጻፍኩ?»

ሐኪሟ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ወጣች። የድርጅቱ አራተኛ ፎቅ ላይ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ጥቂት የቀረው ረዥም ሰው አገኘች።

«መልሱን ይዤልዎት መጥቻለሁ» አለችው። «እምቢ ተብሏል። አሁን ማብራሪያው ተሟላ?»

ሰውዬው ቀስ ብሎ ተነሣ። «ሐኪሟ... እርስዎ ነዎት?»

«የእርስዎ ወሬ እስኪሟላ አንድ ሽማግሌ መርፌያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ተቀምጦ ጥያቄውን እዚያው አጸደቀ።

«ሰበብ የለኝም» አለ ከዚያ። «በቀን ሁለት መቶ ቅጽ አያለሁ፤ ሁለት መቶውም ቁጥር ነው። የእናንተ ሲመጣ ግን... ሰው አለበት። ማክሰኞ ዕለት እማማ ‹ሰውየው ነገ መልሱን ሊሰማ ይመጣል› ብለው ጻፉና ዝም አሉ። እኔም ምሳ ሳልበላ ዋልኩ። ጥፋቴ ነው።»

ልትሰድበው ያዘጋጀችው ብዙ ነበር። ግን ሐኪም ናትና ዓይኗ ሌላ ነገር አየ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ አስጠግተው የሚያነቡት?»

«ሁለት ዓመት ይሆነዋል።»

«ሐኪም ያስፈልግዎታል። ሌላ ሐኪም።» ብላው ወጣች።

ልብስ ሰፊው ቀኝ ዓይናቸውን ታክመው ሄዱ። በሳምንቱ ግን የክሊኒኩ ጥያቄዎች ይመለሱ ጀመር፤ አንዱ በኮድ ስሕተት፣ አንዱ በቀን ስሕተት። አክስትየዋ ደውለው ሲያጣሩ የድሮው ገምጋሚ የለም። ጥፋቱን ራሱ ለአለቃው ነግሮ፣ «የዚያን ክሊኒክ ፋይል ከእኔ ውሰዱ» ብሎ፣ ማስጠንቀቂያ ተጽፎለት ምድር ቤት መዝገብ ክፍል ተመድቧል።

«ማን አስገደደው?» አለች ሐኪሟ።

«ማንም። እኔ እንኳ አልከሰስኩት። ደግሞ ስንት ስሕተቴን ያቀና ልጅ ነበር።»

ሐኪሟ ምሳዋን ትታ፣ ያን ቀን በንዴት የዘለለቻቸውን የእሱን መልሶች ከኮምፒውተሩ ላይ አነበበች። «እማማ፣ ይሄ ኮድ የግራ ዓይን ነው፤ ወደ ቀኝ ይቀይሩት። ሐኪሟም ምሳ ትብላ።» ሌላው፦ «ቀኑ ገና ያልደረሰ ነው፤ ያስተካክሉት። ጫማው ተገዛ?» እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ወር።

ስልኩን አንሥታ መዝገብ ክፍል ደወለችለት።

«ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት የዓይን ምርመራ ይዤልዎታለሁ።»

«ሌላ ሐኪም ብለውኝ ነበር።»

«ሐሳቤን ቀየርኩ።»

መጣ። አገጩን መሣሪያው ላይ አሳረፈ፤ በሁለቱ ፊት መካከል አንድ ስንዝር እንኳ አልነበረም። «ወደ ላይ ይመልከቱ... ወደ ታች... አይተንፍሱ አላልኩም እኮ፣ ይተንፍሱ።» ከዚያ የሙከራ መነጽር አድርጋለት መስታወቶቹን እየቀያየረች ፊደል ታስነብበው ጀመር። ድንገት ንባቡን አቆመ።

«ምን ይታይዎታል?»

«እርስዎ። ያን ቀን ያየሁት ጋውን የለበሰ ቁጣ ብቻ ነበር።»

«አሁንስ?»

«ቅንድብዎ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። እሱን ማንም አልነገረኝም።»

ሳቋ አመለጣት። «ስለ እኔ ሦስት ወር ሙሉ አንብበሃል። እኔ ስለ አንተ አንድ መስመር አላውቅም።» አንቱታው የት እንደወደቀ ሁለቱም ልብ አላሉም።

«ከየት ልጀምር?»

«ከፈለግህበት። ዛሬ ሌላ ታካሚ የለኝም።»

አወራላት። ስለ እናቱ፣ አብሮት ስለሚኖረው ነገረኛ ወንድሙ፣ በልጅነቱ አውሮፕላን አብራሪ ሊሆን አስቦ ስለመቅረቱ። አክስትየዋ ጉልበታቸው እስኪዝል በር ላይ ቆመው አዳመጡ።

ወራት ሄደው አንድ እሑድ ሰውዬው አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ መነጽሩን ወልውሎ አክስትየዋ ቤት መጣ። የተለማመደው ንግግር በሩን ሲያልፍ ጠፋበት።

«ልጅቷን ለምን ፈለግሃት?» አሉት አክስትየዋ ኮስተር ብለው።

«እማማ... ከእሷ ጋር ስውል ቀኑ ያጥርብኛል።»

አክስትየዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ፈቅጃለሁ» አሉ።

ሐኪሟ ከጓዳ ብቅ አለች። «እኔንስ የሚጠይቀኝ የለም?»

«እንግዲያው አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉ አክስትየዋ።

«እሺ ካልኩት ሦስት ሳምንት ሆነኝ» አለችና አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች።