ለሰሊማ የተመረጠላት ወቅት

ሙጂብ ሰሊማን መጀመሪያ ያያት ከሚሴ፣ በኔ ልብስ መስፊያ ቤት ውስጥ ነው። ከኖርዌይ ለዐረፋ መጥቶ ሱሪው እስኪያጥርለት የኔን ሽርጥ አገልድሞ ተቀምጧል። የሷ የጨርቅ ሱቅ ከኔ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ክር ልትሰጠኝ ገባች።

«አቦ፣ እንዲህ ሆኜ አትዪኝ!» አለ ሽርጡን በሁለት እጁ ጨብጦ።

«ኧረ ያማረብህስ ይኸው ነው!» ብላ ሳቀች።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ላከ። ኒካህ ታሰረ። «ሰርጉን እዚያው እንደግሳለን» ብሎ ተሳፈረ።

ሱቋ ውስጥ ኔትወርክ አይዝም። ስለዚህ ሲደውል የኔ ማሽን አጠገብ ቆማ፣ በማሽኑ ጩኸት የተነሳ ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው የምታናግረው።

«ሙጂቤ፣ መቼ ልምጣ?»

«በጸደይ ነዋ! በረዶው ሲቀልጥ፣ አበባው ሲፈነዳ...»

ጸደዩ ሲደርስ «ጭቃ ነው፣ በሰኔ ይሻልሻል» አለ።

በሰኔ ደግሞ «ፀሐይ አትጠልቅም እኮ! የማታውን ሶላት፣ ዒሻን መቼ ልትሰግጂ ነው?»

በመስከረም «ዝናብ ነው፣ ነፋስ ነው።»

«በብርዱ ጊዜስ?»

«ሞተሻል! ቀኑም ጨለማ ነው። የከሚሴን ሙቀት የለመደ ሰው አይችለውም።»

ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ይበራል። «አዩልኝ ጋሽ ዑመር... እንዴት እንደሚሳሳልኝ!»

እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሰው የሚወዳትን ከብርድ ቢጠብቅ ምን ክፋት አለው?

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። እኩዮቿ ወለዱ። ጓደኛዋ ነኢማ ሕፃኗን አዝላ በደጃችን ስታልፍ አፏ አያርፍም፦ «አንቺ፣ ያገባሽው ባል ነው የአየር ትንበያ?»

ሰሊማ ትስቃለች። ከዚያ ጨርቅ የምታጥፍ መስላ ፊቷን ታዞራለች።

በኅዳር ሳትጠይቀው ራሱ ጠራት። «በየካቲት ነይ! ለዐሥር ቀን።»

እልል ልትል ምንም አልቀራት! ወፍራም ካፖርት ድርብ ገበር አግብቼ ሰፋሁላት። ግን ያች ልጅ ማሰብ ትወዳለች።

«ሙጂቤ፣ ያኔ በረዶ አይደለም እንዴ? መጋቢት ላድርገውና ጸደዩንም አብሬህ ልቆይ።»

«አይሆንም! በየካቲት ብቻ!»

«ለምን?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ እናቷ ዘንድ የምትሄደው ያኔ ነው።»

ማሽኔን አቆምኩ።

«ምንህ?»

«ሰሊማ፣ ልጅ አትሁኚ። አራት ተፈቅዶልኛል።»

«እሷ ታውቃለች?»

«አብደሻል?»

«እኔስ... ዐሥሩ ቀን ሲያልቅ?»

«ትመለሻለሻ! በየዓመቱ የካቲት ትመጫለሽ። ምን ጎደለብሽ?»

አላህ የፈቀደው ፍትሕ ላለበት ነው፤ ለዚህ አይደለም። ይህን ልነግረው ስልኩን ብጠይቃት አልሰጠችኝም። እሷው ዘጋችበት።

«ፍታኝ» ብላ ላከችበት። «አልፈታም፣ ትጠብቀኝ» አለ። እንዲያ ቢሆን ሚስት ሳትሆን፣ ፈትም ሳትሆን ልታረጅ ነው። ቃዲው ዘንድ ሄደች። እኔም ሽማግሌ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ቃዲው በስልክ አገኙትና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉ። «መህሯን ብትመልስልህ ትለቃታለህ?»

መህሯ በኒካሁ ቀን ያደረገላት የወርቅ ጉትቻ ነበር። ሙጂብ ሳቀ።

«ትመልስ እንጂ! ሴት ልጄ ሰሞኑን ጆሮዋን ተበስታለች፣ ለሷ ይሆናታል።»

ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ» አሉ።

«በቃ፣ ፈትቻታለሁ።» ስልኩ ተዘጋ።

ሰሊማ ጉትቻዎቹን ከጆሮዋ አወለቀች። አላለቀሰችም። በሻሿ ጫፍ እያገላበጠች ትጠርጋቸው ጀመር። ቃዲው እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ።

«ይበቃል ልጄ፣ ስጪያቸው» አልኳት።

«ትንሽ ይቆዩኝ ጋሽ ዑመር... ገና ያልደረቀ ጆሮ ነው። እንዳያመረቅዝባት።»