ዓለሚቱ የምትወጣበት በር

«የምትወጣው በየትኛው በር ነው?» አለች ካሣነሽ እንደገና።

«በዚያ በመስታወቱ ነው፣ እማዬ» አለች ምስራቅ። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ላይ ተቀባዩ ተደርድሯል። የሆቴል ሾፌሮች ስም የተጻፈበት ካርቶን ይዘው ያዛጋሉ። አንዲት ያጌጠች ልጅ በስልኳ ካሜራ ከንፈሯን ታያለች። ካሣነሽ ግን ሁሉንም በክርኗ ገፋ ገፋ አድርጋ ከፊት ቆማለች። ከእስቴ መካነ ኢየሱስ ድረስ ተንገጫግጫ የመጣችው ከሰው ኋላ ለመቆም አይደለም። በጉያዋ በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረ በሶ ይዛለች። ዓለሚቱ ባለፈው ስትደውል «እማዬ፣ በሶ አማረኝ» ብላ ነበርና፣ ገብሱን ራሷ ቆልታ ራሷ አስፈጭታዋለች።

ዓለሚቱ ግን በመስታወቱ በር አትወጣም። በሰው ቤት በምትሠራበት በአረብ አገር ሞታለች፤ አሁን የሚጠብቁት አውሮፕላን የሚያመጣው ሬሳዋን ነው። ይህን ከካሣነሽ በቀር አብረዋት የመጡት ሁሉ ያውቃሉ።

ምስራቅ የሰማችው እሑድ ነው። ከእህቷ ጋር አንድ ከተማ የምትሠራው ሕይወት በኢሞ ደውላ፣ ገና «ምስርዬ» ከማለቷ ለቅሶ ቀደማት። ድንገት ታማ፣ ሆስፒታል ሳትደርስ ነው ያረፈችው አለች። ምስራቅ ስልኩን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ስልኩ ራሱ የዓለሚቱ ስጦታ ነው። «ለፌስቡክ አይደለም፣ ለትምህርትሽ ነው፤ እሺ ቀበጥ?» ብላ ነበር የላከችላት። አምስት ዓመት ሙሉ ፊቷን ያዩት በዚህ ስልክ ብቻ ነበር።

አጎቷ ክንዱ ዘንድ ስትሮጥ እሱ ቀድሞ ሰምቶ ኖሯል።

«አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» አላት። «መርዶ ወግ አለው። አስከሬኑ ይግባ፣ ዘመድ ይሰብሰብ፣ ከዚያ ማለዳ የነፍስ አባቷ ይነግሯታል። ብቻዋን ሰምታ አንድ ነገር ብትሆንስ?»

ወጉ ደግ ነው። ያበላሸው የክንዱ አፍ ነው። ከጓሮ ቆሞ በስልክ ሲያወራ «ሬሳ» ማለቱ ከበደውና «ዓለሚቱ ሐሙስ ባሕር ዳር ትገባለች» አለ። ካሣነሽ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ስታሰጣ ሰማች። እልልታዋ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ። ክንዱ ስልኩ ጆሮው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ያን እልልታ ማን ደፍሮ ይመልሰው?

እቤት እንድትጠብቅ ቢለምኗት አልሰማ አለች። «ስትሄድ የሸኛት የለም» አለቻቸው። «ደላላው መጥቶ ይዟት ሲሄድ እኔ ገበያ ነበርኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስትመጣ እንኳ ከእናቷ በፊት ባዕድ አያያትም!»

ዛሬ ጠዋት ሲነሡ ምስራቅ ነጠላዋን እንዲሁ ጣል ስታደርገው ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አንገቷ ሥር ዋለ። ካሣነሽ እጇን መታ አደረገቻት።

«ምን ታሟርቺብኛለሽ! እንዲህ የሚለበሰው ለሐዘን ነው። ጥለቱን ወደ ታች አድርጊው፤ እህትሽን ልንቀበል እኮ ነው!»

ምስራቅ አዙራ ለበሰች።

መንገድ ላይ ይነገራታል ተብሎ ነበር። የካሣነሽ የነፍስ አባት ቄስ ወልደ ገብርኤል ደብረ ታቦር ላይ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። አባም «እስኪ ሻይ እንጠጣ» አሉ። ወረታ ላይ ተራው የክንዱ ነበር፤ እሱም ስለ ሩዝ ማሳ እያወራ ሐሙሲትን አለፉ። ለቅሶ ቤት ማንም የማይቀድማቸው ሁለት ጎልማሶች፣ አንዲት በሶ የያዘች ሴት ፈርተው ባሕር ዳር ገቡ።

ሚኒባሱ ሲቆም ክንዱ ምስራቅን ለብቻዋ ጠራት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔና አባ በካርጎው በኩል ሄደን እንረከባለን። ዓለሚቱን የሚጭነው ፒካፕ ቀድሞን ይሄዳል። አንቺ ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ‹አውሮፕላን አምልጧታል፣ ነገ ትመጣለች› በያት። ከዚያ ነገ ማለዳ እንደ ወጉ እንነግራታለን።»

«እኔ? ለምን እኔ፣ አያ ክንዱ? እርስዎ ይንገሯት እንጂ።»

«አንቺ የተማርሽ ነሽ። አንቺ ካልሻት ታምናለች።»

ክፉው ነገር እውነቱን መሆኑ ነው። የሐኪም ወረቀትም ይሁን የስልክ መልእክት፣ ምስራቅ ካነበበችላት ካሣነሽ ሌላ ሰው አትጠይቅም።

አውሮፕላኑ በጣና በኩል ዝቅ ብሎ መጣ። «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» እያለች ካሣነሽ የምስራቅን ክንድ ጨበጠች። ብዙም ሳይቆይ የመስታወቱ በር ተከፈተና ሰው ሻንጣ እየጎተተ መውጣት ጀመረ።

«ያቻት! ያቺ ጥቁር የለበሰችው!»

አይደለችም። ልጅቷ ከአጥሩ ወዲህ ወደ ቆመ ወጣት ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ወፍራ ይሆናል እኮ፣ እኔ ላላውቃት እችላለሁ» አለች ካሣነሽ። «ምስር፣ አንቺም እይልኝ።»

«እያየሁ ነው።»

ምስራቅ የምታየው ግን ወደ ጎን ነበር። ዕቃ በሚወጣበት የብረት በር ላይ አንድ ነጭ ፒካፕ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አባ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ክንዱ የመኪናው መጫኛ ላይ ወጥቶ ጋቢ ያነጥፋል። ካሣነሽ የልጇን ዓይን ተከትላ አየች።

«ክንዱ ለሻንጣዋ መኪና ያዘ? ምን ያህል ዕቃ ብታመጣ ነው!» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ምስራቅ እናቷ እንዲህ ስትስቅ ከሰማች ዘመን ሆኗታል። ጮኻ ብታለቅስ በወደደች፤ ግን ጥርሷን ነክሳ ቆመች።

መንገደኛው ሳሳ። ሾፌሮቹ እንግዶቻቸውን እየያዙ ሄዱ። አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ተደግፈው ወጡና ጥበቃው የመስታወቱን በር ገፋ አድርጎ ዘጋው።

«ሽንት ቤት ገብታ ይሆናል» አለች ካሣነሽ። ትንሽ ጠበቀች። «ወይስ መታወቂያ እየጠየቋት ነው? ምስር፣ ስልክሽን እይው እስኪ። ምን ሆነች?»

አምልጧታል። ይህችን ብቻ ነው የምትላት። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ከተናገረችው እናቷ አምና ወደ ሚኒባሱ ትመለሳለች፤ ዓለሚቱም በዚያ በኩል፣ እናቷ ጀርባዋን ሰጥታት ሳለ፣ ያለ ተቀባይ ትወጣለች። ስትሄድ የሸኛት የለም፤ ስትመጣም የሚያያት የለም። ነገ ደግሞ ካሣነሽ ይህን ሰዓት ታስታውሳለች። እዚያው አጠገቧ ቆማ እንደነበር፣ ዘወር ያደረገቻትም ምስራቅ እንደሆነች ታውቃለች።

ውሸቱ አልወጣ አላት። እውነቱም አልወጣ አላት። እጇ ብቻ ወደ ትከሻዋ ሄደ። ነጠላዋን ቀስ ብላ አወረደች፤ ዘቀዘቀችው፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ እናቷ ፊት ለበሰችው።

ካሣነሽ አየቻት። እንደ ጠዋቱ ልትቆጣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ወደ ታች... ጥለቱን ወደ ታች አድርጊው።» እጇን ሰድዳ ልታዞረው ነጠላውን ያዘች። ያዘችና ቀረች። «ምስርዬ፣ በሞቴ። ወደ ታች አድርጊው።»

ምስራቅ አላዞረችውም። እንባዋ እየወረደ እናቷን ዓይን ዓይኗን አየቻት።

የበሶው ቋጠሮ መሬት ወደቀ። ካሣነሽ «ልጄን!» ብላ ስትጮህ የቀሩት ተቀባዮች ዞሩ፤ ጥበቃው ቆቡን አወለቀ። ክንዱ ከፒካፑ ዘሎ ወርዶ «ምን አደረግሽ! አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽ!» እያለ እየሮጠ መጣ። አባም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተከተሉት።

ምስራቅ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን አነሣች፣ አቧራውን አራገፈች፣ መልሳም እናቷ ጉያ ውስጥ አደረገችው። ከዚያ በክንዷ ደግፋ ወደ ብረቱ በር አዞረቻት።

«በዚህኛው ነው የምትወጣው፣ እማዬ» አለች። «ነይ፣ እንቀበላት።»