ግማሹ የይርዳው ነው

አንጓች ቀኝ እጇን ከትከሻዋ ነቀለች፣ የገባበትን ጤዛ አራገፈች፣ መልሳ ገጠመችው። በሰቀላ ከተማ እንዲህ ያለውን እጅ «ተተኪ» ይሉታል፤ ከነርቭ ጋር ተያይዞ የባለቤቱን ሐሳብ እየሰማ የሚሠራ ብረት ነው። የተወለደችበትን እጅ ማሽን ከበላባት ወዲህ የሚያኖራት ይሄው ተተኪ ነው። ሥራዋ ከከተማዋ በላይ የተዘረጋውን፣ ከደመና ውሃ የሚያጠልለውን መረብ መጠገን ነው። አንድ እጅ ብቻ ያለው ሰው እዚያ አይወጣም።

የዚያን ቀን ረፋድ የተቀደደ መረብ እየቋጠረች ሳለ ተተኪው መታዘዙን ተወ። ቆሞ ቢቀር እንኳ ደግ ነበር። ቋጠሮውን ለቀቀና ባዶ አየር ላይ የማይታይ የጽሕፈት ቁልፍ መነካካት ጀመረ። በግራ እጇ ገመዱን ባትጨብጥ ኖሮ አንጓች በነበር ቀርታ ነበር።

ተተኪውን ከሩቅ ማዘዝ የሚችለው ሂሳቧ ያለበት ባንክ ብቻ ነውና፣ ወርዳ ባንኩን ጠየቀች። የመለሰላት «አስከፋይ» የሚባለው፣ ዕዳ የሚሰበስበው የባንኩ ማሽን ነው፤ ትሕትናው ያቅለሸልሻል። ታናሽ ወንድሟ ይርዳው ከደመና ውሃ እየቀዳ ሊሸጥ የደመና ጀልባ ገዝቶ ብድሩን እንዳልከፈለ ነገራት። በጋራ ሂሳባቸው የነበረው ገንዘብ ሁሉ ተወስዷል፤ አልበቃም። ተተኪው ደግሞ የተገዛው ከዚያው ሂሳብ ነው።

«እኔ የተበደርኩት ነገር የለም» አለች።

«እርስዎ የሉበትም፣ ወይዘሮ አንጓች። እጁ ግን ግማሹ የአቶ ይርዳው ነው።»

የትኛው ግማሽ እንደሆነ ጠየቀችው፤ አውራ ጣቱ ነው ወይስ ትንሿ ጣት? ፌዝ አይገባውምና፣ የጊዜ ግማሽ መሆኑን በትዕግሥት አስረዳት። ከዛሬ ጀምሮ ተተኪው ባንኩ በፈለገው ሰዓት ለባንኩ ይሠራል። አለቃዋ ይህን ሲሰማ፣ እጅሽ ሙሉ በሙሉ ያንቺ እስኪሆን መረቡ ላይ እንዳትወጪ አላት።

ሂሳቡን አብረው የከፈቱት እናታቸው አልጋ ላይ በወደቀች ጊዜ ነበር፤ ቅርብ የተገኘው መድኃኒቱን እንዲገዛ። የእናታቸው አርባ ከወጣ በኋላ የባንኩ ሠራተኛ፣ የወንድምሽን ስም እናውጣው ወይ ብላት ነበር። ከል ለብሼ ወንድሜን ላሰርዝ? ዘመድ ምን ይለኛል? የእናቷ አፈር ሳይደርቅ ወንድሟን ካደች አይሉኝም? ብላ ተወችው። ይርዳው ከያለበት እንደሚበደር እየሰማች፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፣ አሁንም ተወችው። ያ የተረገመ ይሉኝታ ይሄው ዛሬ ክንዷን በላ።

ወደ ጀልባ ማቆሚያው ስትሄድ መንገዱን ሁሉ ብቻዋን እየተሳደበች ነው። ማነቅ ነው፣ ትላለች። አንገቱን ይዞ ማነቅ። ስትደርስ ይርዳው ጀልባዋን ቀለም እየቀባ ነው። ቀለም! ያውም አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ።

«እታለም፣ ልነግርሽ ነበር እኮ» አለ ብሩሹን እንደያዘ።

«መቼ? ይሄኛውም ሲሄድ?» ግራ እጇን አሳየችው።

ክረምት ሲገባ ደመናው ይበረክታል፣ ያኔ ሁሉንም እመልሳለሁ እያለ ሲንተባተብ ተተኪው ተነሳ። ንዴቷ ያነሳው መሰላት። የብረት ጣቶቹ የይርዳውን ጉሮሮ ሲይዙ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ አላት።

«አቶ ይርዳው» አለ አስከፋዩ ከክንዷ ውስጥ፣ «በራስዎ ድርሻ ተይዘዋል። የጀልባዋን ቁልፍ ያስረክቡ።»

ልቀቀው ብላ አሰበች፤ እጁ አልሰማትም። ይርዳው ፊቱ ጠቆረ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። መንገዱን ሁሉ የተመኘችው ይሄንኑ ነበር። አሁን ግን በግራ እጇ የብረቱን ጣት እየፈለቀቀች ጥፍሯ ተላጠ፤ አልተላቀቀም። ያኔ ግራ እጇ ትከሻዋ ላይ ወዳለው የተተኪው ማላቀቂያ ሄደ።

«በባንኩ ሰዓት ከነቀሉት ሙሉው ይወረሳል» አለ አስከፋዩ።

ነቀለችው።

የብረት ጣቶቹ ተዝለፍልፈው ተከፈቱ፤ ተተኪው መሬት ወደቀ። ይርዳው እያሳለ ተንበረከከ። አንጓች ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀችው። ከዚያ በቀረቻት እጇ፣ ባለ በሌለ ኃይሏ፣ በጥፊ አጮለችው። ክንዱን ይዛ አቆመችው። ባንክ ሳይዘጋ ሄደህ ስምህን ከሂሳቤ ታወጣለህ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ክረምት እንነጋገራለን አለችው። ጉንጩን ይዞ አለቀሰ።

መሬት ላይ የወደቀው ክንድ አሁንም ይናገራል። ሁሉን መመዝገብ ልማዱ ነውና፣ ጥፊው በማን ስም ይያዝ ሲል በትሕትና ጠየቀ።

«በእኔ» አለች አንጓች። «በእኔ ብቻ።»