ከጥቁሩ ገመድ ሥር

«ቀጭ» አለ ዶዘሩ። ከዚያ ዝም።

ይግዛው ከወንበሩ ላይ ሆኖ ቁልፉን ደግሞ አዞረ። «ቀጭ!» ደግሞ ዝም። የፊት መብራቱ ቁልፉ ሲዞር ጭልም ይላል፤ ሲለቀቅ ተመልሶ ቦግ ይላል።

«አኩርፋለች» አለ ይግዛው። ዶዘሯን እንደ ሚስቱ ነው የሚያናግራት። «ከንጋት ጀምሮ ከዚህች ሌላ ቃል አልወጣትም። ባለፈው ምን አስቀይሜያት ይሆን?»

«አንተ አፍህን ያዝና እሷን ልስማት» አሉ ጋሽ ቢራራ። ጆሯቸውን ከሞተሩ ጎን አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሸጊቱ የመፍቻ ሣጥኑን በሁለት እጇ ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። የደባርቅ ጉም እስከ ዶዘሩ ሰንሰለት ድረስ ወርዶ ጣቶቿን አደንዝዟቸዋል፤ እሷ ግን ሣጥኑን አላስቀመጠችም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍልን ልትጀምር ነው። እናቷ ወለተ ጊዮርጊስ ለመንገድ ሥራ ካምፑ ሠራተኞች ምግብ ታበስላለች። ዓምና አንድ ቀን ሸጊቱ የእናቷን ምሳ ዕቃ ልትመልስ መጥታ ጋራዡ በር ላይ ተገትራ ቀረች። ሌላ ሰው ቢሆን ሴት ልጅ ከናፍጣ ምን አላት ብሎ ባባረራት ነበር። ጋሽ ቢራራ ግን ቀና ብለው አይተዋት «ከቆምሽ አይቀር ካቻቢቴውን አቀብይኝ» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠየቀቻቸውን ሁሉ መልሰውላታል። አንድ ቀን እንኳ «ይኼ አይገባሽም» ብለዋት አያውቁም።

ዛሬ ጳጉሜን አምስት ነው። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ሊማሊሞ ላይ ገደሉን ንዶ መንገዱን ዘግቶታል። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ከአዲ አርቃይ ወደ ጎንደር የሚሄዱ ሰዎች የጫነ አውቶቡስ ከናዳው ማዶ ቆሟል። በዓሉ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። ናዳውን የሚጠርገው ይህ ዶዘር ብቻ ነው። የካምፑ ኃላፊ ጓድ ሀብተ ሚካኤል ከስልኩ ክፍል እየወጣ፣ ሰዓቱን እያየ፣ ተመልሶ ይገባል። በየግማሽ ሰዓቱ ከጎንደር ይደወልለታል።

«ጓድ ቢራራ፣ እስከ ስድስት ሰዓት!» አለ ከሩቅ።

«እሰማለሁ» አሉ ጋሽ ቢራራ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ከዚያ ወደ ሸጊቱ ዘወር አሉ። «እስቲ ንገሪኝ። ሞተሪኖ ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ትልቁን ሞተር አዙራ ትቀሰቅሰዋለች። እሱ ሲነሳ እሷ ታርፋለች።»

«ጎሽ። ሳትቀሰቅሰው ስትቀርስ ማንን እንጠረጥራለን?»

«መጀመሪያ ባትሪውን።»

«አያችሁ!» አለ ይግዛው። «እኔ እኮ ሦስት ወር ነው የፈጀብኝ።»

ባትሪዎቹን ፈቱና የካምፑን አፈር ጫኝ ሎደር ባትሪዎች አምጥተው ገጠሙ። ሎደሩ ጎማው ፈንድቶ ነው የቆመው እንጂ ባትሪው ደህና ነበር። ይግዛው ቁልፉን አዞረ። «ቀጭ።» መብራቱ ጭልም አለ።

ጋሽ ቢራራ ከዶዘሩ ሥር ገቡ። በትልቁ ካቻቢቴ የሞተሪኖዋን ሁለት ወፍራም ብሎኖች አገናኟቸው። የምትዞር ከሆነ እንዲህ ሲደረግ መዞር ነበረባት። አልዞረችም። የታየችው ብልጭታም እንደ ክብሪት ጭረት ያነሰች ነበረች።

«ኮረንቲ የሚያቀብላት ካርቦን አልቆ ይሆናል» አሉ፤ ሸጊቱ ግን ድምፃቸው እርግጠኛ እንዳልሆነ ሰማች። «እናውርዳት።»

ሞተሪኖዋን ለማውረድ ሁለት ወንዶች ያስፈልጋሉ፤ ይግዛውና ጋሽ ቢራራ እያለከለኩ አወረዷት። ጆንያ ላይ አጋድመው ከፈቷት። ካርቦኖቹ ገና ወፍራም ናቸው። ውስጧም ንጹሕ ነው። መልሰው ገጠሟትና ጋሽ ቢራራ በእግራቸው ረገጥ አደረጓት፤ ከባትሪው ሌላ ቀይና ጥቁር ገመድ ስበው ቀዩን ከብሎኗ፣ ጥቁሩን ደግሞ ከራሷ ገላ አስነኩ።

«ቭዝዝዝዝ!» ሞተሪኖዋ ከእግራቸው ሥር ልታመልጥ ዘለለች።

«እንዴ!» ይግዛው ወደኋላ አፈገፈገ። «መሬት ላይ ትጨፍራለች፣ ዶዘሩ ላይ ስትወጣ ታኮርፋለች! ኧረ ይቺስ አመል አላት።»

መልሰው ሰቀሏት። አሰሯት። ቁልፉ ዞረ።

«ቀጭ።»

ጋሽ ቢራራ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሸጊቱ እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም። ሠላሳ ዓመት ሞተር ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከጃናሞራ ወጥተው ጎንደር ጋራዥ የገቡት ጢማቸው ሳይበቅል ነው።

«ኮረንቲ ሄዶ አይቀርም፣ ልጄ» አሉ፣ ለእሷ ይሁን ለራሳቸው ሳይታወቅ። «በቀዩ ገመድ ይወጣል፣ ሞተሪኖዋን ያዞራል፣ በዶዘሩ ገላ አድርጎ በጥቁሩ ገመድ ወደ ባትሪው ይመለሳል። መመለሻ ካጣ አይወጣም። ለዚህ ነው ጥቁሩ ገመድ ከዶዘሩ ጋር ብረት ለብረት መነካካት ያለበት። በመካከሉ ምንም እንዳይገባ።»

«ታዲያ እሱን አይተውታል?» አለ ይግዛው።

«በእጄ ነቅንቄዋለሁ። ከዚህ ዶዘር ላይ እንደሱ ጠብቆ የታሰረ ብሎን የለም።»

ብረት ለብረት። ሸጊቱ ሣጥኑ ከእጇ ሊወድቅ ሲል ያዘችው።

የዛሬ ሦስት ቀን ነው። ለበዓሉ ሲባል ካምፑ ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ ቢጫ ቀለም እንዲቀባ ታዘዘ፤ ከወጣቶች ማኅበር የመጡ ተማሪዎች ቀለም ተሰጣቸው። ሌሎቹ ገመዱን እየዘለሉ፣ ብሎኑን እየዞሩ ቀቡ። ሸጊቱ ግን ያደገችው በወለተ ጊዮርጊስ እጅ ነው። እናቷ ለዘመን መለወጫ ቤቱን ስታስለቀልቃት ሣጥኑን ዞራ ካለፈች ወዮላት። «አንሺው! ሥሩም ቤት ነው!» ትላታለች። ስለዚህ ሸጊቱ ጥቁሩ ገመድ ከዶዘሩ ገላ ጋር የታሰረበት ቦታ ስትደርስ መፍቻ አምጥታ ፈታችው። ሥሩን ሁለት ጊዜ ቀባችው። እስኪደርቅ ጠብቃ ገመዱን ከላዩ መልሳ አሰረችው። እጇ እስኪያማት አጠበቀችው። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ ንጋት ዶዘሩን ያስነሳው ሰው አልነበረም። ያን ቀን ራት ስትበላም ስለዚያ ሥራዋ ደስ ብሏት ነበር።

ጓደኛዋ ዓለምዬ ያን ቀን አብራት ነበረች። ዛሬም ከበርሜሎቹ አጠገብ ቆማ ታያለች። ሸጊቱ ዘወር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ዓለምዬም ገብቷታል። ፈጠን ብላ መጣችና ክንዷን ያዘቻት።

«ትንፍሽ እንዳትዪ» አለች በሹክሹክታ።

«ዓለምዬ፣ እኔ ነኝ እኮ...»

«አውቃለሁ አንቺ መሆንሽን! ለዚህ ነው ዝም በይ የምልሽ። ኋላ ማንም ሳያይ ትፍቂዋለሽ።»

በዚህ መሐል ጓድ ሀብተ ሚካኤል ከስልኩ ክፍል ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን አንግተው ከኋላው ይከተላሉ።

«ተነሳ?»

«አልተነሳም» አሉ ጋሽ ቢራራ። «ሞተሪኖዋ ደህና ናት። መሬት ላይ ትዞራለች። ስትሰቀል ነው እምቢ የምትለው። ትንሽ ጊዜ ቢሰጡኝ አገኘዋለሁ።»

«መሬት ላይ ይሠራል፣ ዶዘሩ ላይ አይሠራም?» ጓድ ሀብተ ሚካኤል ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «ሰውዬ፣ የበዓል ሰሞን፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ይህን ለጎንደር ብነግር ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? አሻጥር ነው የሚሉት።»

ቃሏ ስትወድቅ ሁሉም ባለበት ቀረ። ዓምና በዚህች ቃል ከዳባት የተወሰደ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። ሚስቱ እስካሁን በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ትመላለሳለች።

«እነዚህ ጎንደር ያደርሱሃል። እዚያ ሄደህ አስረዳ» አለ ኃላፊው። ሲናገር ጋሽ ቢራራን አላያቸውም፤ ወረቀቱን ነው የሚያየው።

ጋሽ ቢራራ ቀስ ብለው ተነሱ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ጣት በጣት፣ ሥራ ሲጨርሱ እንደሚያደርጉት። «ልጄ፣ መፍቻዎቹን ሳትደባልቂ ሣጥን ውስጥ መልሺልኝ» አሏት።

ዓለምዬ የሸጊቱን ክንድ አጥብቃ ያዘች። «እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይመለሳሉ» አለች በጆሮዋ። «አንቺን ግን...»

ሸጊቱ ያን ጊዜ ብዙ አላሰበችም። ያሰበችው ካቻቢቴውን ነው። ያን ቀን ጋራዡ በር ላይ ቢያባርሯት ኖሮ ዛሬ ምን ትሆን እንደነበር ነው። ክንዷን ከዓለምዬ እጅ አላቀቀች።

«ጋሼ!» ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። ደገመችው። «ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም። ጥቁሩን ገመድ ፈትቼ ሥሩን ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ። እንዲያምር ብዬ ነው። ብረት ለብረት አልተነካካም።»

አንደኛው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዞረ።

ጋሽ ቢራራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሞተር ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት ነበር። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ።

«ለካ ለዚህ ነው መሬት ላይ የዞረችው» አሉ። «እዚያ ጥቁሩን ከራሷ ገላ ነው ያስነካሁት፤ በቀለሙ በኩል አላለፈም። መብራቷንስ ማን አበራው? በብሎኑ ጥርስ በኩል የምታልፈው ጥቂቷ ኮረንቲ ናት። ለመብራት ትበቃለች፣ ለሞተሪኖ አትበቃም።» ወደ ሸጊቱ መጡና መፍቻ አቀበሏት። «አንቺ ያሰርሽውን አንቺ ፍቺው።»

ሰው ሁሉ እያያት ፈታችው። ከገመዱ ሥር ቢጫው ቀለም እንደ ሸክላ ያብረቀርቃል፤ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ አንዲት ስንጥቅ የሌለው። ጋሽ ቢራራ ቢላዋቸውን ሰጧት። ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ፋቀች። መልሳ አሰረች።

ይግዛው ዶዘሩ ላይ ወጣ። አማተበና ቁልፉን አዞረ።

ዶዘሩ አንድ ጊዜ አጓራ፤ ጥቁር ጭስ ወደ ጉሙ ተፋ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

«እልልልል!» አለ ይግዛው እንደ ሴት። «ታርቀናል! ጓድ፣ ሐሳቧን ሳትቀይር ልሂድ? አውቶቡሱ እየጠበቀ ነው!»

ጓድ ሀብተ ሚካኤል ግን ወረቀቱን ገና እንደያዘ ነው። «የልጅቷን ሙሉ ስም» አለ።

«ስም ከፈለጉ ቢራራ ብለው ይጻፉ» አሉ ጋሽ ቢራራ። «እሷ ቀቢ የተባለችውን ቀባች። ከቀለሙ በኋላ ገመዶቹን እየፈቱ ማየት የኔ ሥራ ነበር። አላየሁም።»

ኃላፊው ዶዘሩን አየ፤ ሸጊቱን አየ፤ በቢጫ ቀለም የተቀባውን የካምፑን በርም አየ። አንዲት ጥግ ሳትቀር ትቀባ ያለው ራሱ ነው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቆመ።

«‹የባትሪ ገመድ ተስተካከለ› ብዬ እጽፋለሁ» አለ በመጨረሻ። አብዮት ጠባቂዎቹን በእጁ አሰናብቶ ወደ ስልኩ ሮጠ።

ሸጊቱ ልታመሰግናቸው አፏን ከፈተች። ጋሽ ቢራራ ቀደሟት።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ።»

«እኔን? እኔ ነኝ እኮ ያበላሸሁት፣ ጋሼ።»

«እኔም በዕድሜዬ ስንቱን አበላሽቻለሁ። ሰው ፊት ቆሜ እኔ ነኝ ያልኩበት ግን ጥቂት ነው።» ሳቅ አሉ። «ለዘመን መለወጫ ከልጆቼ ጋር እውላለሁ። የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።»

ሸጊቱ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ለመሳም ሞከረች፤ እሳቸው በናፍጣ እጃቸው ቀና አድርገው ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ከይግዛው ጎን ወጡ፤ ዶዘሩ መሬቱን እየነደለ ወደ ሊማሊሞ አቀና። ድምፁ ጉሙ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ ሰማችው።

ዓለምዬ ዕፎይ አለች። «ነፍሴ ከሥጋዬ ተለይታ ነበር! በይ ነይ፣ ልጆቹ ለዘመን መለወጫ እንግጫ ሊነቅሉ ወርደዋል። ሳይመሽ እንድረስባቸው።»

ሸጊቱ ግን የምታየው ከጋራዡ ጀርባ የቆመውን መንገድ መደልደያ ግሬደር ነበር።

ዓለምዬ ዓይኗን ተከትላ አየች። «እንዳትዪኝ!»

«እሱንም ፈትቼ ነው የቀባሁት።»

«እስከ በዓሉ ማግሥት እኮ ማንም አይነዳውም! ማንም አያውቅም!»

«አውቃለሁ» አለች ሸጊቱ። «አንቺ ቅደሚ፤ እደርስባችኋለሁ።»

ዓለምዬ እያጉረመረመች ሄደች። ሸጊቱ ግሬደሩ ሥር ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ጋሽ ቢራራ ከሊማሊሞ ሲመለሱ ይህንንም ራሷ ትነግራቸዋለች፤ ከሷ አፍ መስማት አለባቸው። መፍቻውን ብሎኑ ላይ አስገባች። አጥብቃ አስራው ኖሮ አልንቀሳቀስም አላት። ሁለተኛ እጇን ጨመረችና ገፋችው።