ለጊዜው የተለጠፈች ካሜራ

ሰፈሩ ሁሉ ሹፌሩን «ለጊዜው» ብሎ ይጠራዋል። ስሙን ያወጡለት አብረውት ታክሲ ተራ የሚሰለፉት ሹፌሮች ናቸው። ስሙ ከየት እንደመጣ ግን ከማንም በላይ የምታውቀው ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ናት፤ አብራው የምትኖረው እሷ ነቻ። የመታጠቢያ ቤቱ በር እጀታ በሽቦ ከታሰረ ሁለት ዓመት አልፎታል። የሚያንጠባጥበው ቧንቧ በጨርቅ ተጠምጥሟል፤ ጨርቁ ሲበሰብስ ሌላ ጨርቅ ይደረብበታል። ከአልጋው እግሮች አንዱ የቆመው በአሮጌ መዝገበ ቃላት ላይ ነው። ምነው ስትለው መልሱ ያው ነው፦ «ለጊዜው ነው፤ ቅዳሜ አስተካክለዋለሁ።» ቅዳሜ ይመጣል፣ ቅዳሜ ይሄዳል።

እዚህ ላይ «ይሄማ የኛም ቤት ነው» ብሎ የሚስቅ አንባቢ አይጠፋም። ይሳቅ። ሚስቱም ብዙ ዓመት ስቃለች። ሳቋ ያለቀው በመኪና ካሜራ ምክንያት ነው።

ከተራው ሹፌሮች አንዱ ባላጠፋው ጥፋት ተከሶ፣ መኪናው ላይ የገጠማት ካሜራ ነፃ አወጣችው። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ገዛ፤ «ለጊዜው»ም ገዛ። ካርቶኑ ውስጥ መስታወት ላይ የሚለጠፍ መያዣና አንዲት ወረቀት ነበሩ። ወረቀቷ የምትለው ቀላል ነው፦ መስታወቱን አጽዳ፣ መያዣውን ተጭነህ ለጥፍ፣ ካሜራውን ከመስቀልህ በፊት አንድ ቀን ጠብቅ።

«አንድ ቀን ሙሉ ምን አድርግ ነው የሚለኝ?» አለና መያዣውን ከነካርቶኑ ኮመዲኖ ውስጥ ወረወረው። ካሜራዋን አቧራ በለበሰው የፊት መስታወት ላይ፣ ልክ ዓይኑ ፊት ለፊት፣ በቁስል ፕላስተር ለጠፋት። ሽቦዋ መሪው ላይ ተንዘላዝሎ ቀረ። በማግስቱ ወደቀች። ሁለት ፕላስተር ጨመረላት። ፀሐይ ሲበረታ ደግማ ወደቀች። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ወደ መኪናው ስትገባ ከፕላስተሩ ሥር የታኘከ ማስቲካ አየች።

«አንተ ሰውዬ፣ መያዣው እቤት ተቀምጦ በማስቲካ?»

«ለጊዜው ይዟል።»

«ለጊዜው የሚሠራ ነገር መች ጠላሁ? እኔም ቀሚስ በመኪና ከመስፋቴ በፊት በእጄ ሰፋ ሰፋ አድርጌ እይዘዋለሁ። ያም ለጊዜው ነው። ግን ደንበኛዬ ለብሳው ብትዞር፣ ብትቀመጥ፣ አይፈታም። ሲበቃኝ ደግሞ ክሩን ሳብ ሳደርገው ጨርቁን ሳይጎዳ ይወጣል። ያንተው ያዝ ሲሉት ይለቃል፣ ልቀቅ ሲሉት መስታወቱን አበላሽቶ ነው።»

«ትምህርቱን ለደንበኞችሽ» ብሎ እየሳቀ ሞተሩን አስነሳ።

በዚያው ሳምንት፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ሹፌሩ በብስክሌት ወደ ሥራው የሚሄድ አንድ ቁልፍ ሠሪ ገጨ። የሰውየው እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሹፌሩ ለትራፊክ ፖሊሱ የሰጠው ቃል አጭር ነበር፤ «እኔ መስመሬን ይዤ ስሄድ እሱ ጉድጓድ ሲሸሽ ገባብኝ» አለ። ጉድጓዱ እውነትም እዚያው አለ። ቁልፍ ሠሪውም ሐኪም ቤት ተኝቶ ሲጠየቅ «ጉድጓዱን አስታውሳለሁ፣ ሌላው ትዝ አይለኝም» አለ። ውሳኔ እስኪሰጥ የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ትራፊክ ቢሮ ተያዘ። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ «ማስረጃ ካለህ እስከ አርብ አምጣ» ተባለ።

ሚስቱ ቃሉን አመነች። ባሏ ብዙ ጉድ አለበት፤ ውሸት ግን አታውቅበትም። ካሜራዋስ ስትለው «ወድቃ ተሰብራለች፣ ተያት» አላት። እሷ ግን መተው አልቻለችም። ሐሙስ ጠዋት፣ እሱ ደጅ ተቀምጦ ጎረቤት ሲያጫውት፣ ኮመዲኖውን ከፈተች። የተሰነጠቀችውን ካሜራ አገኘች፣ ትንሿን ሚሞሪ አውጥታ ስልኳ ውስጥ ከተተች። ይህን ያደረገችው ባሏን ነፃ ለማውጣት ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

መጀመሪያ መንገዱ ታየ። ቀጥሎ መንገዱ ቀስ እያለ አዘነበለ። ከኋላ ወንበር የአንዲት ተሳፋሪ ድምፅ ይሰማል።

«ሹፌር፣ ካሜራህ ሊወድቅ ነው።»

«ለጊዜው ይዟል እናቴ፣ አይስጉ።»

ወዲያው ዷ የሚል ድምፅ ተሰማና ምስሉ ላይ የባሏ ጫማ መጣ። ካሜራዋ ተንሸራታ የፍሬኑ ፔዳል ሥር ገባች። አንድ እጅ ወርዶ ወለሉን ይዳብስ ጀመር። «ኧረ ወደፊት እይ» አለች ሴትዮዋ። እጁ አልተመለሰም፤ አሁንም ይዳብሳል። ግጭቱ ሲሰማ ያ እጅ እዚያው ወለል ላይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አየችው። መንገዱ አይታይም፤ የሆነው ግን ሁሉ ይታያል።

ጠራችውና ስልኩን ፊቱ አደረገችለት። አይቶ ሲጨርስ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ፔዳሉ ሥር ገብታብኝ እኮ ነው። ፍሬን ብይዝ እንቢ ይለኛል ብዬ ላወጣት...»

«እሱ ነው የገባብህ ወይስ አንተ ነህ የገባህበት?»

«እኔ ነኝ» አለ።

«ታዲያ?»

«ለጊዜው ዝም እንበል። መንጃ ፈቃዴ ይመለስና ሰውየውን በሌላ መንገድ እረዳዋለሁ።»

ትጮህበታለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልጮኸችም።

«የበሩን እጀታ በሽቦ አሰርከው፣ ቻልኩ። ቧንቧውን በጨርቅ አሰርከው፣ ቻልኩ። የሰው እግር በምን ልታስር ነው? ያ ሰው ተኝቶ ራሱን እየወቀሰ ነው። ቅዳሜ እስኪመቸው ይጠብቀኝ ልትለው ነው?»

«ይነጥቁኛል እኮ። ከመንዳት ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።»

«አውቃለሁ። እኔ እሰፋለሁ፣ እንደ ምንም እንኖራለን። በሰው እግር ላይ ቆሜ ግን አልኖርም።» ሚሞሪዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። «እኔ ወስጄ አላጋልጥህም። ወይ አንተ ትወስዳታለህ፣ ወይ እዚህ ተቀምጣ ስናያት እንኖራለን።»

ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰባት። እሱ ከጠረጴዛው አልተነሳም፤ ምሳም አልበላም። ከሰዓት በኋላ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትራፊክ ቢሮው ስንት ሰዓት ይዘጋል?»

«እስከ ነገ ጊዜ ሰጥተውህ የለም እንዴ?»

«ለነገ ካልኩ አልሄድም። ራሴን አውቀዋለሁ» አለና ሚሞሪዋን በእጁ ጨብጦ ወጣ።

መንጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ታገደ። መኪናውን ወንድሙ ሊነዳው ሆነ። ሹፌሩ ቁልፉን ለወንድሙ ከመስጠቱ በፊት ያን ከኮመዲኖ ያልወጣ መያዣ አወጣ፤ አዲስ ካሜራም ከተራው ጓደኞቹ ተዋሰ። እናንተም መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ ያደረገውን ስሙ። መስታወቱን ጠርጎ አደረቀው። መያዣውን ከስፖኪዮው ጀርባ፣ የነጂውን ዓይን በማይጋርድ ቦታ፣ በጣቱ ተጭኖ ለጠፈው። አንድ ቀን ሙሉ ጠበቀ። በእጁ ጎትቶ መያዙን አረጋገጠ። ካሜራዋን ሰቀለ፣ ሽቦዋን በመስታወቱ ጠርዝ ሸጉጦ ከመሪውና ከፔዳሉ አራቀው። መኪናው ሲቆም ካሜራዋን ከመያዣው ፈልቅቆ ቤት ይዟት እንዲገባ ለወንድሙ ነገረው፤ ፀሐይ አያቀልጣትም፣ ሌባም ለሷ ብሎ መስታወት አይሰብርም። ይህ ሁሉ ተደምሮ የአንድ ቀን ትዕግሥት ነው። ቁልፍ ሠሪው በክራንች የሄደው አምስት ወር ነው። የሚያበሳጨውም ይኸው ነው፤ ከባድ ነገር አልተጠየቀም ነበር።

ከቢሮው የከበደው ግን የዚያ ሳምንት እሑድ ነው። ሹፌሩና ሚስቱ ቁልፍ ሠሪው ቤት ሄዱ። ሰውየው ጀሶ የታሰረ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ሶፋ ላይ ተጋድሟል፤ ሚስቱ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ታጥባለች። ሹፌሩ ቆሞ የሆነውን ተናገረ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ» አለ ቁልፍ ሠሪው፣ «ባለቤቴ ‹ስንቴ ልንገርህ፣ ስትነዳ አትፍዘዝ› ስትለኝ፣ እኔ ‹ልክ ነሽ› እያልኩ ይቅርታ ስጠይቃት ነበር። ብስክሌቴንም በገዛ አፌ ሽጭው አልኳት፤ ሸጠችው።»

ሰውየው በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

«አሁን የነገርከኝን ለሷም ንገራት። ከኔ አፍ አታምነውም» አለና ሚስቱን ጠራት።

ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ሹፌሩ ወደ ሚስቱ ዞር አለ፤ ልብስ ሰፊዋ ግን በአገጯ ወደ ሴትዮዋ አመለከተችው። ስለዚህ ከፕላስተሩ ጀምሮ፣ ማስቲካውን ሳይደብቅ፣ ተሳፋሪዋ «ወደፊት እይ» ያለችውንም ሳይዘል፣ ሁሉንም ነገራት።

ሴትዮዋ ሰምታ ስትጨርስ ባሏ አጠገብ ቁጭ አለችና እጇን ቀስ ብላ ጀሶው ላይ አሳረፈች።

«ይቅር በለኝ» አለችው፣ ባሏን።

ሹፌሩ ማልቀስ የጀመረው ያኔ ነው።