ከማዶ ሐዲድ

ጠጋ በሉ። ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት። ሰዓቱ ልክ እንደ አሁኑ ነበር፤ ከሌሊቱ ስምንት። ጨረቃ የለም። ጉተማ የሚባል የሐዲድ ጠባቂ በረሃውን ብቻውን ያቋርጣል። በአንድ እጁ መዶሻ፣ በሌላው ፋኖስ። ባቡሩ ሳይደርስ የላላ የሐዲድ ችንካር ፈልጎ መቀጥቀጥ አለበት። አንድ ካመለጠው ያ ሁሉ መንገደኛ ገደል ይገባል።

ለምን ብቻውን? ጠይቁ እንጂ። ድሮ ሁለት ነበሩ፤ ሌላው ጥላዬ ነው። ጉተማ በወባ የተኛ ጊዜ ጥላዬ የሁለቱንም ሥራ ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌሊት ሠራ። ጠባቂዎች የባቡሩን መቅረብ የሚያውቁት ጆሯቸውን ሐዲዱ ላይ አድርገው ነው። ጥላዬም ጆሮውን አስጠጋ። በዚያው እንቅልፍ ወሰደው። ባቡሩ አንገቱን ቆረጠው።

የጠባቂዎቹ አለቃ ሞቱን መዝገብ ላይ ምን ብሎ ጻፈ? «ሰክሮ ነበር።» ጥላዬ ጠላ እንኳ ቀምሶ አያውቅም።

ሌላ ሰው አልተቀጠረም። ቀኑም ሌሊቱም የጉተማ ሆነ። ቀን ለአፍታ ጋደም ሲል የባቡሩ ፉጨት ጆሮው ውስጥ ይጮኻል፤ ብድግ ይላል። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ በሕልምህም ትቀጠቅጣለህ?» ትለዋለች። አለቃውን ለመነ።

«ጌታዬ፣ አንድ ሌሊት ብቻ ልተኛ።»

«እንቅልፍ ካማረህ እንደ ጓደኛህ ሐዲዱ ላይ ጋደም በል» አለው። ሳቀም።

በዚያ ሌሊት ጉተማ ከፊቱ የመዶሻ ድምፅ ሰማ። ቆመ፤ ድምፁም ቆመ። ሄደ፤ እንደገና ሰማ። ማን ይሆን? ከዚያ መሬት ለመሬት የሚሄድ ትንሽ ብርሃን አየ። ጠፋ። «ባቡሩ ይሆን?» ብሎ ተንበረከከ። ጆሮውን ሐዲዱ ላይ አደረገ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ደስ ይላል። ዓይኑ ተከደነ።

«ጉተማ።»

ዓይኑን ገለጠ። ማዶ፣ በሌላኛው ሐዲድ ላይ፣ አንድ ራስ ጆሮውን አስደግፎ ያየዋል። ራስ ብቻ።

«እንቅልፍ እዚህ ያለ መስሎህ ነው?» አለ ጥላዬ። «ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከድኜ አላውቅም። ተነስ፣ ወንድሜ።»

ጉተማ ተንከባለለ። ባቡሩ ትኩስ ነፋሱን ፊቱ ላይ እየረጨ አለፈ። ከጨለማው ውስጥ የጥላዬ ድምፅ ተመልሶ መጣ።

«አለቃው የት ነው የሚተኛው?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ጉተማ በጣቱ አሳየ።

ከዚያ ወዲያ፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ የአለቃው መስኮት ይንኳኳል። «ጌታዬ፣ አልሰከርኩም። መዝገቡን ያውጡት።» አለቃው ብርድ ልብሱን ይከናነባል። ዞር ሲል፣ የጥላዬ ራስ ከጎኑ ትራሱ ላይ ነው፤ ዓይኑ እንደፈጠጠ።

በሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ ሲባል ሰምታችኋል። የሚሄደውስ ወዶ ነው? ሰውን ብቻውን የምትልኩ ግን፣ ከመተኛታችሁ በፊት ትራሳችሁን እዩ።