«ተራ ፈርን ነው» አለችው

በወንዙ ዳር ባለችው ከተማ ሙዚየም፣ በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ሰዎች ከወንዙ ገደል ያገኙትን ድንጋይ ይዘው ይሰለፋሉ። ናጊሳ ድንጋዩ ላይ የታተመውን ቅጠል አገላብጣ አይታ የምን ተክል እንደሆነ ትነግራቸዋለች። አንድ እሑድ ቀና ስትል ሶይቺ ከፊቷ ቆሟል።

ፀጉሩ ሳስቷል፤ ዓይኖቹ ያው ናቸው። እነዚያን ዓይኖች ተማምና ነበር በወጣትነቷ አንድ ማለዳ ሻንጣዋን አንጠልጥላ አውቶቡስ ማቆሚያ የሄደችው። እናቱ «የመጠጥ ቤት ሴት ልጅ ምራቴ አትሆንም» ስላለች፣ ወደ ካናዛዋ ከተማ ጠፍተው ሊጋቡ ተስማምተው ነበር። እስኪመሽ ጠበቀችው። አልመጣም። ኋላ ኦሳካ ከተማ ሥራ መያዙን ከሰው ሰማች።

«እንደምን ነሽ፣ ናጊሳ?»

«ድንጋዩን ያስቀምጡልኝ» አለችው፣ አንቱ ብላ።

የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሲፈታው ወደ ድንጋዩ ተጠጋች። የጊንኮ ዛፍ ነው፤ ዛሬ መንገድ ዳር የሚቆመው ሳይሆን የጥንቱ፣ ቅጠሉ እንደ ጣት የተከፋፈለው። ቅጠሉን ብዙ ጊዜ አይታለች። ፍሬው ከቅርንጫፉ ሳይለይ ግን እጇ ገብቶ አያውቅም። ዕድሜ ልኩን ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው እንኳ አያገኘውም። ለዚህ ሰው ደግሞ ይሄ ይሰጠው?

«ተራ ፈርን ነው፤ በየጫካው ጥላ የሚበቅለው ቅጠል» አለች። «መጋዘናችን ሞልቶታል። ይውሰዱት።»

ከኋላ የተሰለፈው ጡረተኛው ባቡር ነጂ ሂራኖ ሳቀ። «አይዞህ፣ ወጣቱ! እኔማ የሳር ሥር ይዤ መጥቼ ዳይኖሰር ነው ብዬ ተከራክሬያለሁ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሶይቺ ግን ዓይን ዓይኗን አያት። ከዚያ አጎንብሶ አመስግኖ ድንጋዩን ይዞ ወጣ።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ማታ የተጠበሰ ዓሣዋን አጣጥማ በላች፤ እንቅልፏም ጣፋጭ ነበር።

በሳምንቱ ሂራኖን ገበያ አገኘችው። «ሰማሽ? ያ የወንዙ ገደል ለጎርፍ መከላከያ በኮንክሪት ሊሸፈን ነው። አንድ ቁም ነገር ያለው ነገር ቢገኝበት ኖሮ ያስቆሙት ነበር። እኛ ግን ያገኘነው ፈርን ብቻ!»

ዘንቢሏን እዚያው ጥላ ወደ ገደሉ ሮጠች። ሶይቺ ብቻውን ይቆፍር ነበር።

«ድንጋዩ የት አለ?»

«ለፈርን ነው እንዲህ የምትሮጪው?»

«ዋሸሁህ።»

«አውቃለሁ። ጊንኮ መሆኑን ሳላመጣው በፊት ለይቼዋለሁ። የመጣሁት አንቺን ለማየት ነው። ስትዋሺ ሳይ፣ ንዴቷ ይውጣላት ብዬ ዝም አልኩ።»

ናጊሳ ፊቷ ደም መሰለ። «በቀሌን እንኳ በምጽዋት ሰጠኸኝ ማለት ነው?» ጭቃ ዘግና ደረቱ ላይ ወረወረችበት። አልሸሸም። «ያን ቀን የት ነበርክ?»

«እናቴ በር ላይ ቆማ…» ጀመረና ተወው። «አይ፣ በሩ ክፍት ነበር። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ሰበብ ይደረድራል ብላ ስንት መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ የቀረውን ጭቃ ከእጇ አራገፈች።

«የመጪው ወር መጀመሪያ እሑድ፣ ሰው ሁሉ ፊት ትደግመዋለህ» አለች።

እሑዱ ደረሰና ሁለቱም ሙዚየሙ ውስጥ በሰው ፊት ቆሙ። «ይህ ከነፍሬው የተገኘ ጊንኮ ነው። ፈርን ያልኩት ይህን ሰው ለመበቀል ነው» አለች ናጊሳ። ሶይቺም «የሚገባኝ ነበር። ላግባሽ ብዬ ቀጥሬያት የቀረሁ ፈሪ ነኝ» አለ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው እናቱ አንገቷን ደፋች። ናጊሳ ያንን እያየች ዓይኗን አልነቀለችም።

የሙዚየሙ ኃላፊ ናጊሳን ስለዋሸች ድንጋይ ከመለየት ሥራ አነሳትና የገደሉ ቁፋሮ ላይ መደባት። የኮንክሪቱ ሥራ ግን ቆመ። ሶይቺም ሳይጠራ በየማለዳው እየመጣ አብሯት ይቆፍር ጀመር።

«መቼ ነው የምትምሪኝ?» አላት አንድ ቀን።

«ይህ ገደል ተቆፍሮ ሲያልቅ።»

ሶይቺ በወንዙ መታጠፊያ ዞሮ ከዓይን እስኪሰወር የሚዘልቀውን ገደል አየና ትልቁን መዶሻ አነሳ። ናጊሳ ነጠቀችው።

«በዚህማ ቅጠሉን ታደቅቀዋለህ!» ብላ ከሁሉም ትንሿን መሮ ሰጠችው፤ ፈገግታዋንም እንዳያይባት ፊቷን አዞረች።